የእናቴ እንዝርት በካቶሊክ ትምህርት ቤት

ልጄን አዲስ አበባ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ማስገባቴን የሰማች ዕለት እናቴ ከሸዋ፣ ከሞላሌ ደወለች። «ሃይማኖቷን ሊያስለውጡብሽ ነው» አለችኝ። እናቴ ረቡዕና ዓርብን የማትሽር የማማ ምድር ሴት ናት፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠረችኝ ቄስ ትምህርት ቤት ልካ ነው። ፍርሃቷን አልናቅሁትም።

ለእሷ የነገርኳትን ለአንባቢም ልንገር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ አልሞሉም። ስለዚህ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ብዙውን ጊዜ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ቤት ልጅ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የአዲስ አበባ ካቶሊኮች ራሳቸው የሚቀድሱት በግእዝ ሥርዓት ነው፤ ገናንም የሚያከብሩት ከእኛ ጋር ነው። ለሸዋ ሰው ደግሞ ካቶሊክ እንግዳ አይደለም። ሰው አቡነ መሲያስ ይላቸው የነበሩት ጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1868 ሸዋ ገብተው፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀምጠዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር አስወጧቸው እንጂ፣ ከዚያ በፊት የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው አጥንተው መጽሐፍ አሳትመው ነበር።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በባህል ቀን ለልጄ የሲዳማ ልብስ ተከራየንላት። ስለ ሲዳማ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ፎቶ ተነሣች፣ ጨፈረች፣ ማታ ልብሱን መለስን። ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ «የኛ የሞላሌስ ልብስ የቱ ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። በየኪራይ ቤቱ «የአማራ» ተብሎ የሚሰቀለው ነጭ ቀሚስ የበዓል ልብሳችን ነው። ሞላሌ ግን ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የውርጭ አገር ናት። እኛን ያሞቀን የበግ ጠጉር ነው፤ ሌሊት ባና፣ ለመንገድ በርኖስ። በግ ስንጠብቅ ዝናቡን የምንችለው ከጓሳ ሳር በተሠራ ገሳ ነበር።

ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለሲስተር ነገርኳቸው። «እንግዲያው ልብሱን ተይውና ሠሪውን አምጪልን» አሉኝ።

እናቴ ለጥምቀት ስትመጣ አንድ ከረጢት የበግ ጠጉር ይዛ መጣች። ሲስተርን ገና ስታያቸው ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ እማሆይ?» አለቻቸው፤ ነጠላዋንም አስተካከለች። ለሰኞው የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ከበቧት። ከረጢቱ ሲፈታ የበረትና የጭስ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ አንድ ልጅ አፍንጫውን ያዘ። «ና የኔ ጌታ፣ ዳስሰው» ብላ እፍኝ ሙሉ ሰጠችው። ጠጉሩ ቤት በደጋን ተነድፎ ስለመጣ እንደ ጉም የሳሳ ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽታ ለቀቀቻት፤ እንዝርቷ ስትሾር ከጣቶቿ መሀል ያ ጉም ክር ሆኖ ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ተራ በተራ ሞከሩ። ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል። እናቴ አልተቆጣችም፤ የተበጠሰውን ጫፍ ከአዲሱ ጠጉር ጋር እያጣመረች መልሳ ታስይዛቸዋለች። «በጉ ጠጉሩን ሲሸልቱት አይበርደውም?» አለች አንዷ። «እሱማ መልሶ ያበቅላል፤ እኛ ነን የማናበቅለው» አለቻት። ሴቶቹ እንደሚፈትሉ፣ ሸማኔው ወንድ እንደሆነ፣ ለአንድ ባና ስንት ምሽት እንደሚፈተል ነገረቻቸው። መምህሯ አላቋረጠቻትም፤ ይህን በጣም ወድጄላታለሁ።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። አንዲት የጉራጌ ልጅ «የኔም አያት እንሰት ትፍቃለች» አለች። በሁለተኛው ሳምንት እናቷ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው መጡ። ከሐረር የመጣ ልጅ አክስቱ የሰፋችውን ሰፌድ አመጣ፤ የስፌቱን ቀለማት በጣቱ እየቆጠረ አስረዳ። እነዚህ ልጆች የሌላውን ልብስ ተከራይተው አልለበሱም፤ የጓደኛቸውን አያት እጅ አዩ። ለሞላሌ ልጆችም እንዲህ ያለ ዕድል ቢኖር እመኛለሁ። የኛ ልጅ እንዝርት ያውቃል፤ እንሰት ግን በሥዕል እንኳ ያየው ጥቂት ነው።

ልጆቹ የፈተሉት ጎርበጥባጣ ክር ተጠቅልሎ ከእናቴ ጋር ወደ ሞላሌ ሄደ፤ ሸማኔው ከባና ጠርዝ ጋር ይሠራዋል ተብሏል። ልጄ በየእሑዱ እየደወለች «አለቀ ወይ?» ትላለች። ባለፈው እሑድ እናቴ ስልኩን ወደ እኔ አስመለሰችና «ያቺ ልጅ ያለችው እንሰት፣ ችግኙ ከተገኘ አምጪልኝ» አለችኝ። «ከጓሮ ተክዬ ውርጩን ይችል እንደሆነ ልየው።»