ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ፦ የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳይ ለምን ይጓተታል?

በካምፓችን ፍርድ ቤት ደርሶ የመጣን ሰው "እንዴት ሆነልህ?" ብንለው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ" ነው። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 159 ፍትሕ መዘግየት እንደሌለበት ይደነግጋል። ታዲያ ምን ያጓትተዋል?

ብዙ ሰው "ዳኛ የለም" ይላል፣ እውነትም አለው። በ2019 ለሹመት ከቀረቡት ዳኞች 40 ያህሉን ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሳይሾሟቸው ሁለት ዓመት ገደማ ቆዩ። በጁን 2021 34ቱን ሲሾሙ ስድስቱን ተዉ። ስድስቱን የሾሟቸው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ናቸው፣ እሱም በሴፕቴምበር 2022። በመሃል ኮሮና ገብቶ በማርች 2020 የችሎት ሥራ ተቀዛቅዞ ነበር።

በኔ አስተያየት ግን የዳኛ ማነስ ብቻውን ይህን ሁሉ አያመጣም። ችሎት ቁጭ ብሎ ለተከታተለ ሰው ጉዳዩን የሚጎትተው ትንንሹ ነገር ነው። ምስክር ቀረ፣ የያዘው ፖሊስ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ጠበቃው ሌላ ችሎት ላይ ነው። በእያንዳንዱ ምክንያት ሳምንታት ይሄዳሉ።

ከሁሉ የሚከብደው የዳኛ ዝውውር ነው። የሥር ፍርድ ቤት ዳኞች ከከተማ ከተማ ይቀያየራሉ። አዲሱ ዳኛ የወንጀል ክሱን ከቆመበት መቀጠል ይችላል፤ ሆኖም በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 200 መሠረት ተከሳሹ "የተሰሙት ምስክሮች እንደገና ይጠሩልኝ" የማለት መብት አለው። መብቱ ተገቢ ነው፣ ምስክሩን በዓይኑ ያላየ ዳኛ እንዴት ይፈርዳል? ግን እኛ ጋ ምስክር ማለት ዛሬ ጎረቤት፣ ነገ በሪሴትልመንት ሌላ አገር የሚገባ ሰው ነው። ከሄደ ማን ይመልሰዋል? ተበዳይዋ ቃሏን ሁለተኛ ጊዜ ልትሰጥ ትጠራለች፣ ተከሳሹ በዋስ ወጥቶ እዚያው ብሎክ ውስጥ ይኖራል። በዚህ መሃል ተስፋ ቆርጣ ብትቀር የሚፈርድባት ማነው?

የነፍስ ግድያ ክስ ደግሞ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሚታይ ከካኩማ ሎድዋር ድረስ መሄድ ይጠይቃል፤ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምስክሩ የትራንስፖርት ገንዘብ ቢያገኝ እንኳ የጉዞ ፈቃዱ በሰዓቱ ካልደረሰ ያው ቀጠሮ ነው።

አስተርጓሚም አለ። ችሎቱ የሚካሄደው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ሲሆን፣ አንቀጽ 50 ቋንቋውን የማይረዳ ተከሳሽ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። የአማርኛ አስተርጓሚ ካልተገኘ ጉዳዩ ይተላለፋል። ታዲያ ቀጠሮ የሰለቸው ወገናችን "ትንሽ ስዋሂሊ እችላለሁ፣ ይቀጥል" ይላል። ይሄ አደገኛ ነው! ባልገባው ነገር "ንዲዮ" ብሎ ጥፋተኛ የሚሆን አለ። ከዚያ ወዲያ ይግባኝ ነው፣ ይግባኝ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ነው።

አንድ ነገር ላክል። "ሜንሽን" እና "ሂሪንግ" የሚባሉት ቀኖች አንድ አይደሉም። በሜንሽን ቀን ፋይሉ ምን ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይታያል እንጂ ምስክር አይሰማም። ይህን ያላወቀ ሰው ከሥራው ቀርቶ ምስክሮቹን ሁሉ ሰብስቦ ይሄዳል፣ በሂሪንግ ቀን ግን ሰዎቹ ሰልችቷቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ከችሎት ከመውጣታችሁ በፊት የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ፣ የሚቀጥለው ቀን የትኛው እንደሆነም ጸሐፊውን ጠይቁ።