ዝም ማለት መቀበል አይደለም

በመንዝ ደጋ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ በግና የሱፍ ባና እየገዛ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ ባለ ሱቅ አለ። የንግዱ መሣሪያዎች የሒሳብ መዝገቡና የእጅ ስልኩ ናቸው። ወደ ደንበኞቹ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ሳይጠይቅ አንድ በግ እንኳ አይገዛም።

በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ ስልኩን ቢያነሣ፣ ማታ ለአንድ ጥሪ እንዲበቃ የተወው ሒሳብ ተቆርጦ አደረ። ካርድ ፈልጎ እስኪሞላ ድረስ ሙክቱን ሁሉ ሌላ ነጋዴ ወስዶት ቆየ።

ነገሩ ሲመረመር፣ ሦስት የአጭር መልእክት አገልግሎቶች በየቀኑ ገንዘብ ይወስዱ ኖሯል። አንዱ የጤና ምክር፣ ሁለተኛው የስፖርት ወሬ፣ ሦስተኛው የዕጣ ጥያቄ ይልካል። ባለ ሱቁ አንዱንም አልጠየቀም። የአንዱ ዋጋ በቀን 2 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ሦስቱ በወር 180 ብር፣ በዓመት 2,190 ብር ይሆናሉ።

ለማቋረጥ ሲነሣ ደግሞ ሌላ ድካም ገጠመው። አንድ ተማሪ ጠርቶ «ስቶፕ» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል አስጽፎ ላከ። በማግሥቱ አንዱ ቀረ፤ ሁለቱ ግን እንደ ልማዳቸው ከንጋት ጋር መጡ። እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ አጭር ቁጥር ስላለው፣ የአንዱ መቆም ሌላውን አያቆምም።

ቀድሞ መጽሔት በደንበኝነት የሚወስድ ሰው የዓመቱን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ካላደሰ መጽሔቱ ይቀርበታል። ያን ጊዜ ደንበኛው ዝም ሲል ነገሩ ይቆም ነበር፤ ዛሬ ዝም ሲል ይቀጥላል።

የአገራችን ሕግ ግን ይህን አይደግፍም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይደነግጋል። በቁጥር 1684 የተመለከተው ልዩ ሁኔታ ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ያላቸውን ሰዎች የሚመለከት ነው፤ ይኸውም መልስ ካልተሰጠ እንደ ተቀበሉት የሚቆጠር መሆኑ በልዩ ጽሑፍ ሲገለጽላቸው ነው። በጀርመን አገርም ከሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኢንተርኔት የደንበኝነት ውል የሚያዋውል ነጋዴ በገጹ ላይ የማቋረጫ ቁልፍ ጭምር እንዲያኖር ግዴታ ሆኗል።

ስለዚህ ነጋዴ የስልኩን ሒሳብ እንደ ሣጥኑ ገንዘብ ጠዋትና ማታ ይቍጠር። የሚመጣበትን አጭር ቁጥር ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱም ለየብቻ የማቋረጫ ቃሉን ይላክ፤ የተላከለትንም መልስ አያጥፋ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ቢቆረጥ ቀኑንና ቁጥሩን ጠቅሶ ለቴሌፎን ድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክት። ራሱ በደንበኝነት የሚሸጥ ነጋዴም መውጫውን እንደ መግቢያው ያቅልል፤ በሰላም የተሰናበተ ደንበኛ ነገ ሊመለስ ይችላልና።

የመሐል ሜዳው ባለ ሱቅ ሦስቱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ አቋረጠ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማለዳ ወደ ደብረ ብርሃን ደውሎ ዋጋውን ጠየቀ፤ ሙክቱንም በጊዜው ገዛ። ዝምታ ለበግም አልበጃት ማለት የአባቶች ተረት ነው፤ ለበግ ነጋዴም እንደማይበጅ እርሱ በገንዘቡ ተማረው።