አትክልት በጣሪያ ላይ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት በዝቶ ጓሮ ጠቧል። የጎመን መትከያ ያጣ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ቢያይ አይፈረድበትም። ግን አፈር ከባድ ነው። ርዝመቱና ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ውሃ ሲጠጣ ከ3 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ይህን የቆርቆሮ ጣሪያ አይችለውም። ከነጭነቱ በተኙ ልጆች ላይ ሊወርድ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ቀይ አሽ የሚባለውን ድንጋይ ሳታዩት አትቀሩም። በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉ ጉብታዎች እየተቆፈረ ለመንገድና ለግንባታ ይውላል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለ ሆነ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው። በዚያ ቀዳዳ አየርም ውሃም ይይዛል። ስለዚህ ከአፈር ይቀላል፤ ሥርም አይታፈንበትም። በአገራችን የአበባ እርሻዎች በላስቲክ ቤት ውስጥ ጽጌረዳ የሚያበቅሉበት አሉ።

ነገር ግን ቀይ አሽ ለተክል ምግብ አይሆንም። የአበባ እርሻው ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ በቀጭን ቱቦ ያጠጣል። እኛ ደግሞ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት እንቀላቅልበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽንብራ የሚያህለውን በወንፊት ለዩና እጠቡ። ከዚያ እኩል ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ታቹ በተበሳ ጄሪካን ሙሉት። የቡና ገለባ ካገኛችሁ አስቀድሞ ይበስብስ፤ ጥሬው ችግኝ ይጎዳል። ቆስጣና ሰላጣ ይስማማቸዋል።

ቀላል ነው ማለት ክብደት የለውም ማለት አይደለም። በሲሚንቶ ጣሪያ ላይም ቢሆን መሐንዲስ ሳትጠይቁ አትጫኑ። ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ጄሪካኑን ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ደርድሩት። እዚያም ይበቅላል።