«ገባዎት?» «አዎ፣ ልጄ»

አንዲት እናት ተመላላሽ ክፍል ገብተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። «ኩላሊቴን ያመኛል» ይላሉ። ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ሐኪም ከካርዱ ቀና ሳይል የሽንት ምርመራ ያዛል። ውጤቱ ደህና ይሆናል፤ እሳቸውም «ምንም የለብሽም ተባልኩ» እያሉ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳሉ። «የቱ ጋ ነው እማማ? እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» ቢላቸው ኖሮ እጃቸው የሚያርፈው ወገባቸው ላይ ነበር። ወገቡን ያመመው ብዙ ሰው «ኩላሊቴን» ነው የሚለው።

ይህን የሰማ ሰው ፍርዱ ቶሎ ይመጣል፦ «የዘንድሮ ልጆች ትዕቢታቸው!» ለእኔ ነገሩ ከትዕቢት ይልቅ የሥልጠና ጉድለት ይመስለኛል። ጉድለቱን የሚሸፍኑ ተረቶች ደግሞ አሉ።

«አማርኛ እንደሆነ አፉን የፈታበት ነው»

መፍታቱንስ ፈቶበታል። ሕክምናን የተማረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ከተከፈተበት ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈውም፣ ጠዋት ለሲኒየሮች የሚቀርበው ኬዝም እንደዚያው። ልጁ ስለ ታማሚው ሲናገር ዓመታት ከርሟል፤ ለታማሚው መናገርን ግን ቁጭ አድርጎ ያስተማረው የለም።

የአማርኛ ስም ያላቸው በሽታዎችም ቢሆኑ አያድኑትም። አንድ ሰው በአንድ ቀን «ደም ብዛት አለብዎት፤ ደም ማነስም አለብዎት» ቢባል ምን ይበል? የበዛው እንዴት አነሰ? አንዱ ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበት ኃይል መጨመሩ፣ ሌላው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን መቀነሱ መሆኑ ካልተነገረው፣ አንዱን መድኃኒት ለመተው በቂ ምክንያት አለው። «ደሜ ከበዛማ ለምን የደም መጨመሪያ እውጣለሁ?» ቢል አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ቃል እንዳለ ነው ያመነው።

ሐኪሙ የተመደበበት ወረዳ ቋንቋው ሌላ ከሆነማ፣ አስተርጓሚ የሚሆነው አብሮ የመጣ ቤተሰብ ነው። እናት ስለ ማህፀኗ በወንድ ልጇ አፍ ትጠየቃለች። ምን ብላ እንደምትመልስ ገምቱት።

«ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ማን ያዳምጣል?»

ሰልፉ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣ የታወቀ ጥናት፣ ሐኪሞች ታማሚውን የሚያቋርጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ነበር። ካላቋረጡትስ ምን ያህል ያወራል? ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ 335 ታማሚዎችን ሳያቋርጡ አዳምጠው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተሙ፤ አማካዩ 92 ሰከንድ ሆነ። ከ10 ሰው 8 ያህሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሷል። በእርግጥ የባዝል ሰው የእኛ አባቶች አይደለም፤ የእኛዎቹ የሆድ ቁርጠታቸውን ካምና ከተዘራው ጤፍ ነው የሚጀምሩት። ቢሆንም ያ ታሪክ ዋጋ አለው። እንግሊዝ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከ80 አዳዲስ ታማሚዎች የ66ቱ በሽታ የሪፈር ደብዳቤውን አንብቦ የራሳቸውን ታሪክ በመስማት ብቻ ታውቋል። የጤፉ ወሬ ውስጥም ምን እንደሚረጩና በባዶ እግር መሥራታቸው ይወጣል።

«ከልምድ ይመጣል» የሚሉም አሉ። ልምድ ያለውን ልማድ ነው የሚያጠነክረው፤ ማቋረጥ የለመደ በፍጥነት ማቋረጥን ይካናል። ብሪታንያ ውስጥ በ34 ማዕከላት የሚሠሩ 160 የካንሰር ሐኪሞች የተሳተፉበት የ2002 እ.ኤ.አ. ጥናት፣ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰዱት አጠያየቃቸውም የርኅራኄ ቃላቸውም መሻሻሉን አሳይቷል።

«እውነቱን ፊት ለፊት መናገር ነው ዘመናዊነት»

እዚህ ላይ አዲሱ ሐኪም ከመጽሐፉ ይልቅ ሰፈሩን ቢያስታውስ ይሻለዋል። መርዶ በእኛ አገር በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። ንጋት ይጠበቃል፣ ቅርብ ዘመድና ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚደግፈው ይዘጋጃል። የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተመችው ጽሑፍ ያነሳችው ይኼንኑ ግጭት ነው፦ የዚያ አገር ሐኪም ክፉውን ዜና በቀጥታ ለታማሚው ይነግራል፣ ቤተሰቡ ደግሞ በጭካኔ ይቆጥረዋል። ይህ ማለት ግን ታማሚው ተደብቆበት ይኑር ማለት አይደለም፤ ዘመዶች «እንዳትነግረው» ስላሉ ብቻ አፍ መዝጋት ሌላ በደል ነው። ታማሚውን ራሱን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፦ «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ልንገርዎት፣ ወይስ አብሮዎት የሚሰማ ሰው ይጥሩ?»

የመጨረሻው ተረት ትንሽ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። «ገባዎት?» ሲባሉ «አዎ» ካሉ ገብቷቸዋል የሚለው። ይሉኝታ ባለበት አገር «አልገባኝም» ማለት ዶክተሩን ማሳፈር ነው፣ በዚያ ላይ ከኋላ ሰው ቆሟል። ስለዚህ ጥያቄውን መቀየር ነው፦ «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ልጅዎ ‹መድኃኒቱን እንዴት ውሰጂ አለሽ?› ቢልዎት ምን ይሉታል?»

«በየስምንት ሰዓቱ አለኝ እለዋለሁ።»

«በየስምንት ሰዓቱ ሲሆን መቼ መቼ ነው?»

«በየቀኑ ነዋ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ። ምሳዬን በልቼ።»

አሁን ሐኪሙ ብዕሩን አንስቶ ፓኬቱ ላይ ይጽፍላቸዋል፦ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4።