የተጋጨ ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቅር?

አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሁለት የተጋጩ ሞተር ብስክሌቶች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንደኛው አስፋልት ላይ ተንሸራቶ የወደቀ ነው፤ ስፖኪዮው ረግፏል፣ ፍሬቻው ተንጠልጥሏል፣ የነዳጅ ታንከሩ ተጨርምቷል፣ ማርሚታው ተፋፍቋል። ሁለተኛው የቆመ መኪና ከኋላ ገጭቶ የመጣ ነው፤ ከተሰበረው የፊት መብራትና ከተጣመመው ፓራፋንጎ በቀር ምንም የሆነ አይመስልም። የመጀመሪያውን ባለቤት ሰው ሁሉ ያዝንለታል፣ ሁለተኛውን ደግሞ እንኳን አተረፈህ ይለዋል። ልምድ ያለው መካኒክ ግን የሚሰጋው ለሁለተኛው ነው።

ጉዳቱን የሚወስነው የግጭቱ ኃይል የሄደበት መንገድ ነው። በጎኑ ወድቆ የተንሸራተተ ሞተር ፍጥነቱን ቀስ በቀስ መሬት ላይ ይጨርሳል። የሚጎዱትም ቀድመው መሬት የሚነኩት ናቸው፦ የመሪው ጫፍ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ፣ የእግር መርገጫ፣ የኢንጂኑ የጎን ክዳን። ፊት ለፊት የገጨው ግን ኃይሉን ሁሉ በቅጽበት ይቀበላል። ኃይሉ ከጎማው ወደ ቸርኬው ያልፋል፤ ከዚያ የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ ወደያዙት የአሞርዛተር ዘንጎች፣ በመጨረሻም መሪው ወደሚዞርበት የሻንሲ አንገት ይደርሳል።

የዚህ አንገት ነገር ብዙ አሽከርካሪዎች የማያስቡት፣ ሕይወታቸው ግን የተንጠለጠለበት ጉዳይ ነው። በመንገድ ሞተሮች ላይ የመሪው ዘንግ ቀጥ ብሎ አልተተከለም፤ በአብዛኛው ከ23 እስከ 28 ዲግሪ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። በዚህ የተነሳ የፊት ጎማው መሬት የሚነካው መሪው ከሚዞርበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው፤ ልዩነቱ በብዙ ሞተሮች 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሞተሩ ሲፈጥን መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የምታግዘው ይህች ልዩነት ናት። አንገቱ በግጭት ወደ ኋላ ሲገፋ ልዩነቷ ታንሳለች፤ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ምንም የማይታወቅበት ሞተር 80 ሲደርስ መሪው መርገፍገፍ ሊጀምር ይችላል። አንገቱ ወደ ጎን ከተጣመመ ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ መሄዳቸው ይቀራል፤ ፍሬን ጠንከር ተደርጎ ሲያዝም ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ምርመራው የግድ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ታንከሩ ይወርድና አንገቱ በጥሩ ብርሃን ይታያል፤ ብየዳው ጠርዝ ላይ ቀለም ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይንቀሳቀስ አልቀረም። መሪው ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞር የሚያስቆሙት ትንንሽ የብረት ጉጦችም ይታያሉ። እነሱ ከተጨፈለቁ ወይም ከተሰበሩ ግጭቱ ከባድ ነበር ማለት ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ከፍ ብሎ መሪው ቀስ እያለ ሲዞር መንገድ ላይ የሚይዘው ነገር ካለ ደግሞ የአንገቱ ኩሽኔታ ተጎድቷል።

ቀጥሎ ሲባጎ ይመጣል። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ተነስቶ እስከ ፊት ጎማው በቀጥታ የተወጠረ ሲባጎ ሁለቱ ጎማዎች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ይናገራል። የፊት ጎማው ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ ስለሆነ በሁለቱም በኩል የሚቀረው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። የአሞርዛተር ዘንጎቹም ተፈትተው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይንከባለላሉ፤ የጎበጠው ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል። አምራቾች በአብዛኛው የጎበጠ ዘንግ እንዲቀየር እንጂ እንዲቃና አይመክሩም። ደግሞም የሚያስደስት ግኝት የሚኖርበት ጊዜ አለ፦ መሪው የተጣመመ መስሎ የታየው ዘንጎቹ በማቀፊያቸው ውስጥ ስለዞሩ ብቻ ከሆነ ብሎኖቹን አላልቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ማጥበቅ ይበቃል። ስለዚህ ሳይለካ ተስፋ መቁረጥም፣ ሳይለካ መጠገንም እኩል ስህተት ናቸው።

በከተሞቻችንና በገጠር መንገዶች የሚሯሯጡት እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉ ሞተሮች ሻንሲያቸው ከብረት ቱቦ የተሠራ ነው። ብረት ሲመታ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱ ትንሽ ከሆነም ልኬት ባለው ማቃኛ ላይ በባለሙያ ሊመለስ ይችላል። እንደ ያማሃ አር 6 ባሉ የእሽቅድምድም ዝርያዎች ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሻንሲ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አሉሚኒየም ሲመልሱት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የብየዳ ሙቀትም ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ይቀንስበታል። ብረትም ሆነ አሉሚኒየም፣ የተሰነጠቀ የሻንሲ አንገት በመንደር ብየዳ ተለጥፎ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ከኋላ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ያንን ብየዳ የሚያይበት መንገድ የለውም።

ስለ ገንዘብ ማውራት የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ የመለዋወጫ ዋጋ ይጠይቅና ርካሽ ሆኖ ካገኘው ሻንሲውን ረስቶ ጥገናውን ይጀምራል።

ሻንሲው ደህና ነው እንበልና ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። ሞተሩ ከአደጋው በፊት 150,000 ብር ያወጣ ነበር። መለዋወጫና የእጅ ዋጋ 75,000 ብር ተገመተ። እንዳለ ቢሸጥ ደግሞ 50,000 ብር የሚሰጥ ገዢ ተገኘ። ብዙዎች 75,000 ከ150,000 ያንሳል ብለው ይጠግናሉ። ነገር ግን ተጋጭቶ የተሠራ ሞተር ገበያ ላይ የቀድሞ ዋጋውን አያገኝም። 125,000 ቢያወጣ፣ ከዚያ ላይ 75,000 ሲቀነስ የሚተርፈው ያው 50,000 ብር ነው። ዕቃ ለሚያደርሰው አሽከርካሪ ሞተሩ ጋራዥ የሚቆምባቸው ቀናት ገቢ አልባ ስለሆኑ ሒሳቡ ወደ መሸጥ ያደላል። በዚያ ላይ ጋራዥ ሲፈታ አዲስ ጉዳት ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያ ግምት ላይ መጠባበቂያ ሳይጨምሩ መወሰን አያዋጣም። በጎኑ ወድቆ ሳለ ኢንጂኑ ሳይጠፋ የቆየ ከሆነ ዘይት ሳይደርሰው ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል እሱም ይፈተሽ። የራስ ቁሩ ግን ለስሌት አይቀርብም፦ ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ሽፋን የሚጨፈለቀው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከውጭ ባይሰነጠቅም ጭንቅላት ያረፈበት ቁር ይጣላል።

ሌሎች አገሮች ይህን ውሳኔ በደንብ አስረውታል። በብሪታንያ ከጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመድን ድርጅቶች የማይጠግኑትን ተሽከርካሪ በአራት ይመድቡታል። ኤ የተባለው ሙሉ በሙሉ ይጨፈለቃል። ቢ ከሆነ ክፍሎቹ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ዋና አካሉ ግን ይጨፈለቃል። ኤስ መዋቅሩ ተጎድቶ ሊጠገን የሚችል፣ ኤን ደግሞ መዋቅሩ ያልተነካ ነው። ቀድሞ የነበሩት ሲ እና ዲ የሚባሉ ምድቦች ይበልጥ በጥገና ወጪ ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ ገዢው ስለ ሻንሲው ብዙም አያውቅም ነበር። አዲሶቹ የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ደግሞ መስመሩ እንደየግዛቱ ይለያያል፦ በኔቫዳ ወጪው ከዋጋው 65 በመቶ፣ በቴክሳስ 100 በመቶ ሲደርስ ነው ተሽከርካሪው እንደ ጠፋ የሚቆጠረው። ጥገናው የዋጋውን 80 በመቶ የሚፈጅ አንድ ዓይነት ጉዳት በኔቫዳዋ ላስ ቬጋስ ባለ ሐበሻ ሊብሬ ላይ ምልክት ያስመታል፣ በቴክሳሷ ዳላስ ባለው ላይ ግን ላያስመታ ይችላል።

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የገዛ ሞተርን ጉዳት አይሸፍንም፤ ለዚያ ሙሉ ዋስትና መግባት ያስፈልጋል። ሙሉ ዋስትና ያለውም ቢሆን ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑን፣ ካሳውም አደጋው በደረሰበት ዕለት ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ከዋጋው በታች መድን የተገባለት ንብረት ደግሞ የሚካሰው በዚያው መጠን ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሞተርም መለዋወጫም ተወድዷል። ውሉን በድሮው ዋጋ የሚያሳድስ ሰው ሞተሩ በተጋጨ ዕለት ጉድለቱን ከኪሱ ይሞላል።

የመድን ድርጅቱ ሙሉ ካሳ ሲከፍል ቅሪቱን ወስዶ በጨረታ ይሸጣል። እዚህ ላይ የሚያሳስበው ከጨረታው በኋላ ያለው ጉዞ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው እዚያው አንገቱ ላይ፣ ኃይሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ሊብሬው የሚያውቀው ያንን ቁጥር ስለሆነ ሻንሲ ከሌላ ሞተር አምጥቶ መግጠም የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሳያውቀው የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቁጥሩ የተሰረቀ ሞተር ቁጥር ሆኖ ከተገኘ ጣጣው ለገዢው ይተርፋል።

የማይጠገን ሞተር ያለው ሰው ክፍሎቹን ነጣጥሎ ቢሸጥ አንዳንዴ የተሻለ ያገኛል። ኢንጂኑ፣ ካምብዮው፣ የኋላ ቸርኬውና ታንከሩ ደህና ከሆኑ እንደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ባለ የመለዋወጫ ገበያ ፈላጊ አያጡም። የጎበጡት ዘንጎችና የተሰነጠቀው ሻንሲ ግን ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ይሂዱ፤ ሰሌዳውና ሊብሬው ለሰጠው ቢሮ ይመለሱ።