ይህን ኮርስ ማን ያስተምረው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲላ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ አልፎ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያቀና፣ በግራና በቀኝ የሚያየው ነገር ደን ይሁን እርሻ ለመለየት ይቸገራል። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ከሥራቸው እንሰትና ቡና ተደባልቀው ቆመዋል፤ ከሁሉ በታች ደግሞ ጎመኑና ጎደሬው መሬቱን ሸፍነውታል። የደን ባለሙያ ቢጠየቅ ደን ነው ይላል። የእርሻ ባለሙያ ቢጠየቅ እርሻ ነው ይላል። ባለቤቱ ገበሬ ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም፤ ልጆቹን የሚያሳድግበት ጓሮው ነው።

እኛም በቅርቡ በዚያው መንገድ ስናልፍ ይህ ነገር ሌላ ጥያቄ አስነሣብን። ይህን ምድር በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ቢታሰብ፣ ኮርሱ የየትኛው የትምህርት ክፍል ይሆናል? የሚያስተምረውስ ምን የተማረ ሰው ነው?

ጥያቄው የመዝገብ ቤት ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ በአገራችን ባሉት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ሁሉ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የኮርሶችን ዝርዝር በአንድ እጃቸው፣ የመምህራንን ስም ዝርዝር በሌላው እጃቸው ይዘው የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው። ኮርሱ የአንድ የዕውቀት ዘርፍ ቁራጭ ነው። መምህሩም በአንድ ዘርፍ ተምሮ የተመረቀ ሰው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ተማሪው ይጠቀማል፤ ሲተላለፉ ግን ዕዳው የሚወድቀው በተማሪው ላይ ነው።

እኛም ተማሪ በነበርን ጊዜ የደረሰብንን እናንሣ። አንድ ወጣት መምህር፣ የተመረቀበት ትምህርት ሌላ ሆኖ ሳለ፣ «የሚያስተምር ሰው ጠፋ» ተብሎ የስታቲስቲክስ ኮርስ ተሰጠው። መምህሩ ትጉህ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ አንዲት ጓደኛችን እጅዋን አውጥታ «የናሙናን ልዩነት ስናሰላ ከቁጥሩ አንድ ቀንሰን የምናካፍለው ለምንድን ነው?» ብላ በጠየቀችው ጊዜ ጥቂት ዝም አለና «መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል ነው» ሲል መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ ባልደረባው ጠይቆ መጥቶ ምክንያቱን በሚገባ አስረዳን። ስለ ቅንነቱ እስከ ዛሬ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን በዚያ መንፈቀ ዓመት መጠየቅ ሲገባን ሳንጠይቅ ያለፍናቸው ጥያቄዎች ስንት እንደ ነበሩ ማን ያውቃል? ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ቀድሞ የሚሄድ መምህር ምዕራፉን ማስተማር ይችላል፤ ከምዕራፉ በስተጀርባ ያለውን ግን ሊያሳይ አይችልም።

ወደ ዲላ እንመለስ። ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ተቋም በ1988 ዓ.ም. ሲከፈት የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። ዛሬ ከመምህርነትና ከጤና ሌላ እርሻ፣ ምሕንድስና፣ የንግድ ሥራና ሕግ ይሰጥበታል። በሁለት ዘርፍ የጀመረ ኮሌጅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል ሲሰፋ፣ ለእያንዳንዱ ኮርስ ተገቢውን ሰው ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይህም የዲላ ብቻ ሳይሆን ከ1990ዎቹ ወዲህ በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ታሪክ ነው። ሕንፃ በሦስት ዓመት ይቆማል፤ የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤት ግን ከመጀመሪያ ዲግሪ ተነሥቶ እዚያ እስኪደርስ አሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት አብዛኞቹ መምህራን የመጡት ከውጭ አገር ነበር። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመርም ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየተላኩ፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ያን ጊዜ አማራጩ ያለ መምህር መቅረት ነበርና የሚነቅፋቸው አይገኝም። ዛሬ ግን ምሩቁ በዝቷል፤ ስለዚህ «ሰው የለም» የሚለው ምክንያት በየጊዜው እየተመረመረ ሊቀርብ ይገባዋል።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች እንደገና ሲጀመሩ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ የፍልስፍና ክፍል ነው፤ አጠቃላይ ሳይኮሎጂም ባለቤቱ ይታወቃል። የኢትዮጵያን ማኅበረሰቦችና ባህሎች የሚመለከተው ኮርስ የአንትሮፖሎጂ ነው። ነገር ግን አንድ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት ባይኖረውስ? ለታሪክ መምህር ይሰጠው ወይስ ለሶሺዮሎጂ? ሰው ሠራሽ አእምሮን፣ የዳታ ሳይንስንና የመሳሰለውን የያዘው የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያስ በኮምፒዩተር ክፍል ብቻ ይያዝ? ስለ አካል ጉዳተኞች የሚያስተምረው የአካታችነት ኮርስ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያን ይጠይቃል። ሞጁሉ ተዘጋጅቶ በመሰጠቱ ብቻ ማንም አንብቦ ያስተምረዋል ማለት፣ የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ተጽፎአልና ማንም ሐኪም ሊሆን ይችላል እንደ ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ከተማሪው ጉሮሮ ላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ተጀመረ፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን አይቀበልም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። ፈተናው ለተማሪው በማን እንደ ተማረ አይጠይቀውም። ዋና የሙያ ኮርሱን ከሙያው ውጭ በሆነ መምህር የተማረውም፣ በባለሙያ የተማረውም በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። እንግዲህ የኮርስ ድልድሉን የፈረመው ኃላፊ ያልተፈተነበትን ጉድለት ተማሪው ይፈተንበታል ማለት ነው። ይህ ፍትሕ ነው?

ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመዝኑ አንዳንድ ድርጅቶች፣ በኮሌጅ የሚያስተምር ሰው በዚያው ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው፣ ዲግሪው በሌላ ዘርፍ ከሆነም በሚያስተምረው ዘርፍ ቢያንስ 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት እንዲኖረው ይፈልጋሉ። የዚህ ደንብ ጥቅሙ የዲግሪውን ስም ብቻ ሳይሆን የትምህርት ማስረጃውን ዝርዝር ማስከፈቱ ነው። «ኢኮኖሚክስ» ተብሎ የተጻፈ ዲግሪ ያለው ሰው ስታቲስቲክስ በሚገባ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆንም አይችልም። ይህን የሚናገረው የትራንስክሪፕቱ ገጽ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡን አጥብቀን ከያዝነው ደግሞ ወደ ሌላ ገደል እንገባለን። ይህን ያስተማረን ራሱ የጌዴኦ ምድር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ጓሮው አለ፤ የተከበሩት ጥብቅ ደኖች አሉ፤ በየተራራው ጫፍ የቆሙት እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ያሉት ትክል ድንጋዮችም አሉ። በሳካሮ ሶዶ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ከ1ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበሩ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስረድቷል። ይህን ሁሉ አንድ ዘርፍ ሊይዘው ይችላልን? ድንጋዩ የአርኪኦሎጂና የጂኦሎጂ ነው፤ ዛፉ የደን ሳይንስ ነው፤ እንሰቱ የእርሻ ነው፤ ጓሮውን የሚያስከብረው የሶንጎ ሸንጎ ሥርዓት ደግሞ የአንትሮፖሎጂና የሕግ ነው። የጌዴኦን የመሬት አያያዝ አጥንተው በ2002 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት ታደሰ ኪጴ፣ የተክሉን ጉዳይና የሕዝቡን ባህል አንድ ላይ አድርገው መመርመራቸው በአጋጣሚ አይደለም። ነገሩ ራሱ አንድ ላይ ነውና።

ከዚህም በላይ፣ የማንኛውም አዲስ የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ መምህር በዚያ ዘርፍ የተሰጠ ዲግሪ ሊኖረው አይችልም። ጌዴኡፋን በዲግሪ ደረጃ ለማስተማር የሚነሣ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያገኘው ቋንቋውን ከእናቱ የተማረና በሥነ ልሳን የተመረቀ ሰው ነው። «በጌዴኡፋ ዲግሪ አምጣ» ብንለው በሩ ለዘለዓለም እንደ ተዘጋ ይቀራል።

እንግዲህ መካከለኛው መንገድ የቱ ነው? የእኛ አሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ኮርሶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ለእያንዳንዱ ዋና ዘርፉንና ተቀባይነት ያላቸውን ተዛማጅ ዘርፎች አስቀድሞ ይጻፍ። ይህም መምህር ከመመደቡ በፊት ይሁን፤ ሰውየው ከተመደበ በኋላ የሚጻፍ ዝርዝር በሰውየው ልክ የተሰፋ ልብስ ነውና። ሁለተኛ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ምደባ ሲያጋጥም ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ብቻም ይሁን፤ መምህሩም ለመዘጋጀት ጊዜና የሚጠይቀው ባለሙያ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ እንደ ጌዴኦ ጓሮ ያለው ነገር ሲያጋጥም ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ያስተምሩት፤ የሶንጎ ሽማግሌዎችም እየተጋበዙ ይናገሩ። ሽማግሌው ውጤት አይሰጡም፤ ፈተና አያወጡም። ነገር ግን በዲግሪ የማይገኘውን ዕውቀት ይዘው ይመጣሉ።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ነገ ከነገ ወዲያ በየዩኒቨርሲቲው በረዳት መምህርነት የሚቀጠሩ፣ ወይም የምደባ ወረቀት የሚፈርሙ ወጣቶች እንደሚሆኑ እናምናለን። የማታውቁትን ኮርስ አስተምሩ ብትባሉ «አላውቀውም፤ ነገር ግን ለመማር ጊዜ ስጡኝ» ማለትን አትፈሩ፤ ነውሩ አለማወቅ ሳይሆን አውቃለሁ ብሎ መቆም ነውና። የምትፈርሙት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ፣ እስክሪብቶአችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ከኋላ ወንበር እጅዋን አውጥታ «ለምንድን ነው?» የምትለዋን ተማሪ አስቡአት። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከዋንዛው ሥር የሚተክለው የትኛው ጥላ ለየትኛው ተክል እንደሚስማማ መርምሮ ነው። ለወጣቶቻችን አእምሮም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግ አይገባም።