ድድ ሲደማ ጥፋቱ ሁሉ የቡርሽ አይደለም

በሰውነታችን ላይ ጠንካራ አካል ሽፋኑን በስቶ ወጥቶ የሚኖረው አፍ ውስጥ ነው፤ ያም ጥርስ ነው። ድድ ጥርሱን ዙሪያውን አጥብቆ ቢይዘውም መገናኛቸው ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለች። በዚያች ስንጥቅ ባክቴሪያ ሌት ተቀን ይሰፍራል። ከውስጥ በኩል ደግሞ ደም የሚልካቸው ነጭ ሴሎች ያለ እረፍት ይወጣሉ። ጤነኛ አፍ ውስጥ እንኳ በደቂቃ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሴሎች በዚህ በኩል አልፈው ምራቅ ውስጥ ይገባሉ፤ አብዛኞቹ ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ደም ሲታመም ድድ ቀድሞ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ድዱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጥርስህን በደንብ ቦርሽ» የሚል ነው። ምክሩ ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው፤ ዋናው የድድ መድማት ምክንያት ጥርስ ሥር የሚጠራቀመው ቆሻሻ ነው። የሚያሳዝነኝ በሥርዓቱ እየቦረሸ፣ ታርታሩን እያስጠረገም የሚደማው ሰው ነው። በዘሩ የወረሰውን ነገር እንደ ስንፍና ተቆጥሮበት አፍሮ ይኖራል።

የኒውትሮፊልን ሥራ ከሁሉ በላይ ገልጦ ያሳየው ሴሉ ከደም ሥር መውጣት የማይችልበት ብርቅ የሆነ የዘር በሽታ ነው። በሽታው ያለበት ሕፃን እትብቱ በጊዜው አይወድቅም፤ ሳምንታት ይቆያል። ቁስሉ መግል አይቋጥርም። ደሙ ሲመረመር ግን የነጭ ሴሉ ቁጥር ከልክ በላይ ነው፤ ከደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚወጣበት ፕሮቲን ስለጎደለው እዚያው ሲዞር ይውላል። የወተት ጥርስ ሲበቅል ድዱ ይቀላል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል፣ ጥርሱም ይነቃነቃል። ለረጅም ጊዜ የታመነው ጠባቂ ባለመኖሩ ባክቴሪያ አጥንቱን እንደሚያጠፋ ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ሌላ ነገር አሳየ። ኒውትሮፊሉ ድድ ውስጥ ሲደርስ ድዱ እሱን የጠራበትን መልእክት የማብረድ ሥራም አለው። ካልደረሰ፣ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው ድምፁን እያሳደገ እንደሚጮህ፣ ድዱ ኢንተርሉኪን 17 የተባለውን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እየጨመረ ይሄዳል፤ አጥንቱን የሚያስበላው ይኸው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የቆዳ በሽታ ለሆነው ለሶሪያሲስ የተሠራ፣ ይህን ጥሪ የሚገታ መድኃኒት ለአንድ ታካሚ ተሰጥቶ የድዱ ቁጣ በረደ። ኤንቲባዮቲክ ሲደጋገምባቸው ለኖሩ ልጆች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ሌላው የዘር በሽታ ፓፒዮን ለፌቭር ነው፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች የገለጹት። የልጁ መዳፍና የውስጥ እግሩ ቆዳ ይወፍራል፣ ይሻክራል። የወተት ጥርሱ ገና በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ይረግፋል፣ ቋሚ ጥርሱም በጉርምስናው ይከተላል። የሚመጣው የተበላሸውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወርሱ ስለሆነ ዘመዳሞች በሚጋቡበት አካባቢ ይበዛል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ልማዳችን ከእንዲህ ያለው በሽታ ብዙ ልጆችን ሳይሰውር አልቀረም።

ኒውትሮፊል ሲያንስም ድድ ይጎዳል። በየ21 ቀኑ ገደማ ቁጥሩ አዘቅዝቆ መልሶ የሚያንሰራራበት የዘር በሽታ አለ። እናት የምታየው በየሦስት ሳምንቱ የሚመለስ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና የቀላ ድድ ነው። አንድ ቀን ብቻ የተወሰደ የደም ምርመራ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ለስድስት ሳምንት ያህል በሳምንት ሁለት ሦስቴ መደጋገም አለበት። እዚህ ላይ ግን ውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልበል። በብዙ አፍሪካውያንና በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ፣ የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮው በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች ሊሆን ይችላል። ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ውርስ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም። የአፍ ቁስልና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን የሌለበት ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ ሊደነግጥ አይገባም።

የደም መርጋት ችግር ደግሞ ሌላ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ኦላንድ ከሚባሉት የፊንላንድ ደሴቶች አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ሄልሲንኪ ለሐኪሙ ለኤሪክ ፎን ቪሌብራንድ ቀረበች። በአፍንጫ፣ በከንፈርና በድድ ስትደማ ኖራለች፤ እህቶቿም በመድማት ሞተውባታል። እሷም በ13 ዓመቷ በወር አበባዋ ደም ፈሷት ሞተች። ሐኪሙ ቤተሰቡን ቆጥሮ ከ66ቱ 23ቱ እንደሚደሙ ጻፈ። በስሙ የተጠራው በሽታ ዛሬ ከሚወረሱት የመድማት በሽታዎች ሁሉ የሚበዛው ነው። የወር አበባዋ ከልክ በላይ የሚፈሳት፣ ድዷም ቶሎ የሚደማ ሴት ሁለቱን ነገሮች ለአንድ ሐኪም አብራ ብትናገር ይበጃታል።

ሄሞፊሊያ ያለበት ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በግርዛት ነው፤ እኛ አገር እንጥል ሲቆረጥም ብዙ ደም ይፈሳል። ወላጆቹ ከዚያ በኋላ ቡርሽም መፋቂያም ይነፍጉታል። ይህ ፍርሃት ይገባኛል፤ ጉዳቱ ግን የከፋ ነው። ያልተቦረሸ ድድ ያብጣል፣ ያበጠ ድድ ይደማል። ለስላሳ ቡርሽ በየቀኑ ያስፈልገዋል። ምራቅ የረጋ ደም ስለሚያሟሟ ጥርስ ሲነቀል ቀድሞ የመርጊያ መድኃኒት ይሰጣል፤ በትራኔክሳሚክ አሲድ መጉመጥመጥም ይረዳል።

የደም ካንሰር በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ድድ ላይ የሚጥለው ምልክት ግን አስቸኳይ ነው። በአንዳንድ የሉኪሚያ ዓይነቶች የካንሰሩ ሴሎች ራሳቸው ድድ ውስጥ ይገባሉ። ድዱ በሳምንታት ውስጥ ጥርሶቹን እስኪሸፍን ያብጣል፣ ለስላሳና ወይን ጠጅ መሰል ይሆናል፣ ሳይነኩት ይደማል። የተነቀሰ ድድ ደግሞ ቀለሙ መገርጣቱንም መቅላቱንም ይሸፍናል፤ ስለዚህ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱንና ደሙን ይከታተሉ።

ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ ድዱ የሚደማ፣ ቆዳው ያለ ምክንያት የሚበልዝ፣ የሚገረጣ፣ የሚያተኩሰው ወይም ድዱ በድንገት ያበጠ ሰው ሙሉ የደም ቆጠራ ማለትም ሲቢሲ ይሠራለት። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት በማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 መሆን ሲገባው ከ20,000 በታች ከወረደ ድድ በራሱ ሊደማ ይችላል። ሄሞፊሊያና ፎን ቪሌብራንድ ግን በሲቢሲ አይገኙም፤ የመርጋት ምርመራ ለብቻው ይታዘዝ። ጥርስ መንቀሉ ውጤቱ እስኪመጣ ይቆይ።